የአንጓች ጥጃ

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ላይ አንድ አዲስ ሆቴል ምሳ ልበላ ገብቼ ከገዛ ራሴ ፎቶ ጋር ተጣላሁ። ጥብስ አዝዤ፣ እጄን ታጥቤ ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የበር ያህል አስፍተውታል፤ ዙሪያውን ወርቅ ቅብ ፍሬም አድርገውለታል። አንዲት ቡሬ ላም አንገቷን አዙራ ጥጃዋን ትልሳለች። አንዲት ሴት ከጎኗ ቁጢጥ ብላ ታልባለች። ከኋላ የጭድ ክምር ይታያል። ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «የእናት ፍቅር» ተብሎ ተጽፏል።

አስተናጋጇን ጠርቼ «ይህን ማን አመጣው?» አልኋት።

«ባለቤቱ ከኢንተርኔት አውርደው ነው ያሳተሙት፣ አባባ። ያምራል አይደል? እንግዳ ሁሉ ከሥሩ እየቆመ ይነሳል።»

«አያምርም» አልኋት። ልጅቷ የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድሁም። ያንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ጸብ ያልተለየው ፎቶ ነው። ጥብሱ መጣ፤ እኔ ግን ሆዴ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርሁ። አባቴ የጤና ባለሙያ ሆኖ ከሸዋ ተመድቦ ሞጣ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ያደግሁት በከተማ ቤት፣ ወተት በጣሳ እየተገዛልኝ ነው። ላም ስትታለብ ያየሁት ከመንገድ ላይ፣ ባለፍ ገደም ነበር። ይህን አሁኑኑ የምናገረው ኋላ ላይ «እንዴት አላወቅህም?» የሚለኝ አንባቢ እንዳይኖር ነው። እንዲህ ለሚሉኝ ሰዎች መልስ መስጠት ሰልችቶኛል።

ትምህርቴን እንደጨረስሁ ሞጣ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርሁ። ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ ነበር ሥራችን። አንድ ቀን ከቢቸና የግብርና ጽሕፈት ቤት ሰው መጣ። ስለ ከብት እርባታ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የከብት እርባታ፣ ከበረት ጠረጋ እስከ እለባ ድረስ ያለው ኑሮና ሥራ በፎቶ ይነሳልን አለ። ቢቸና ፎቶ ቤት አልነበረም እንዳትሉ። ነበረ፤ ጋሽ ውብሸት የሚባል ባለሙያ ነበረው። ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «ጉርድ ፎቶዬ ላይ ሆን ብለህ ፊቴን አጠቆርኸው» ብሎት ተኳርፈዋል። ሥራው በኩርፊያ ወደ እኛ ዞረ፤ በዚያው ጋሽ ውብሸት እኛንም ጠላት አድርጎ ያዘን።

የጤፍ አጨዳ ወቅት ነበር። ከሞጣ በአይሱዙ ላይ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጭሁ ቢቸና ደረስሁ። ግራና ቀኙ ወርቅማ ነበር፤ አየሩ የደረቀ ሣር ይሸታል። ጉሮሮዬ ግን በአቧራ ተዘግቶ ስለነበር ውበቱን ለማድነቅ አልታደልሁም። በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ከከተማ ወጣ አድርጎ እስከ አንድ መንደር መዳረሻ ወሰደኝና በጣቱ አንድ ግቢ አሳይቶኝ ተመለሰ። «ነግረናቸዋል፤ ይጠብቁሃል» አለኝ። አልነገሯቸውም፤ የሚጠብቀኝም ውሻው ብቻ ነበር።

የግቢው ባለቤት አቶ አለኸኝ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ እንግዳ ማስቀየም የማይሆንለት ሰው ነው። ሚስቱ እትዬ አንጓች ግን ገና ካሜራውን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ።

«ምንድር ነው የምታነሳው?»

«ከብቶቹን፣ ሥራችሁን። ቢቸና ለሰው ሊታይ ነው።»

«ቤቴን ለቢቸና ሰው ልታሳይ! ቢቸና ያለው አንድ ሰው አይበቃኝም?»

ማንን እንደምትል አልገባኝም፤ እሷም አላስረዳችኝም። አቶ አለኸኝ «ተይ እንጂ፣ ከመንግሥት ተልኮ የመጣ ልጅ ነው» ብሎ አሬራ እንድትሰጠኝ አደረገ። ሰጠችኝ ከማለት አስቀመጠችልኝ ማለት ይሻላል፤ ጣሳውን መሬት ላይ ስታኖረው ግማሹ ፈሰሰ። አሬራው ግን ጣፋጭ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ጢስ ጢስ የሚል። ጥላቻም እያለ ጥሩ አሬራ መጠጣት እንደሚቻል ያን ቀን ነው የተማርሁት።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋልሁ። አቶ አለኸኝ በረት ሲጠርግ አነሳሁት። የታጨች ልጅ ነበረቻቸው፤ ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ቅሉን እየወዘወዘች ወተት ስትንጥ አነሳኋት። በሬዎቹ አውድማ ላይ ሲዞሩ አነሳኋቸው። እትዬ አንጓች በሁሉም ላይ አለች፤ በሁሉም ላይ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እኔም እልህ ያዘኝ። ከዚህች ሴት አንድ ጥሩ ፎቶ ሳልወስድ አልሄድም አልሁ።

የማታ እለባ ሲደርስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ግቢው ቅቤ የተቀባ መሰለ። ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ብርሃን ሲያይ እጁ ይበላዋል። ወደ በረቱ ስጠጋ እትዬ አንጓች በእልህ ጮኸችብኝ።

«ወዲያ! ቡሬ እንግዳ ካየች ወተቷን ትይዛለች። ሂድልኝ አልሁህ!»

እሺ ብዬ ሄድሁ። ሄድሁ ማለት ግን ዞርሁ ነው። በቁልቋሉ አጥር በስተጀርባ ሄጄ፣ በክፍተቱ በኩል ካሜራዬን አሾለክሁ። እዚያ ስደርስ ጥጃው ቆሟል። ላሚቱ ጀርባውን፣ አንገቱን ትልሰዋለች። እትዬ አንጓች ግንባሯን የላሚቱ ጎን ላይ አስደግፋ ታልባለች፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ የለበትም። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለው ያ ነው። አንዴ አነሳሁ፤ ደገምሁ። አልባ ጨርሳ ወደ ቤት ስትመለስ ከአጥሩ ጀርባ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ነብሮ! ያዝ!»

ነብሮ ውሻው ነው። ደንግጬ ጣቴ ካሜራውን ጫነው፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሩጫዬን ብቻ ነው። ምን እንደያዘች፣ እንዴት እንደያዘች ለማየት ፋታ አልነበረኝም። የሱሪዬ አንድ እግር እዚያው ቀረ። ያንን ውሻ እስከዛሬ ይቅር አላልሁትም።

ሞጣ ተመልሼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙን ሳጥብ የእለባው ፎቶ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። የመጨረሻው ግን የተወዛወዘ ነበር፤ ቀሚስ፣ ክንድ፣ የሆነ ጥቁር ነገር። አላተምሁትም። ፎቶዎቹ ቢቸና ተላኩ፤ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፤ የእለባው ፎቶ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ አደነቀው አሉ። እኔ ሞጣ ሆኜ ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ከቢቸና የመጣ ሹፌር «እሑድ ሽማግሌዎች ይፈልጉሃል፤ በዚያ በላሟ ፎቶ ሰው ተጣልቷል» አለኝ። አለቃዬ «ጸቡ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ፊልሙን ይዘህ ሂድ» አለኝ። ያንን ምክር ባይሰጠኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቢቸና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቦ ደረስሁ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ቄስ ሞገስ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። በአንድ በኩል እትዬ አንጓችና ባሏ፤ በሌላ በኩል አቶ ጥሩነህ፣ የቢቸና የቅቤ ነጋዴ። እጁ ላይ የእኔ ፎቶ ተጠቅልሎ አለ። ያ «ቢቸና ያለው አንድ ሰው» እሱ መሆኑን ፊቱን እንዳየሁ ገባኝ።

ነገሩ ይህ ነበር። ቡሬ የርቢ ላም ናት፤ ባለቤቷ አቶ ጥሩነህ ነው፤ የሚያረቧት እነ አንጓች ናቸው። ወተቱ ለአርቢ፣ የሚወለደው ለሁለት። የርቢ ከብት ሲሞት አርቢው ቆዳውን ለባለቤቱ ወስዶ ያሳያል፤ በዚያ አገር ቆዳ ሳያሳዩ ሞተ ማለት ሸጥሁት ማለት ነው። የቡሬ ጥጃ ሞተ። እነ አንጓች ሞቱን ነገሩት፤ ቆዳውን ግን አልወሰዱም። ሞተ ከተባለ በኋላ ደግሞ ጥጃው እኔ ባነሳሁት ፎቶ ላይ ቆሞ ታየ።

«ለምን አልወሰዳችሁም?» አሉ ቄስ ሞገስ።

እትዬ አንጓች ተነሳች። «አባቴ፣ ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንደምትይዝ እርስዎም ያውቃሉ። ቆዳውን በጭድ ሞልቼ፣ እግሩ ውስጥ እንጨት ሰክቼ፣ ጨው ቀብቼ ከፊቷ አቆምሁላት። ጨዉን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። ስትነጥፍ ቆዳውን አመጣለሁ ብዬ ልኬበታለሁ።»

እኔ በአጥሩ ክፍተት ያየሁትን አሰብሁ። ያ ጥጃ ጭድ ነበር?

አቶ ጥሩነህ ፎቶውን ዘረጋው። «ይኸው! ይህ ጭድ ነው? ጭድ እንዲህ በአራት እግሩ ይቆማል? አንገቱን እንዲህ ወደ እናቱ ያዞራል? እሺ፣ ጭድ ይሁን፤ ታዲያ ቆዳው የታለ?»

«ውሻው ጎትቶ በጣጥሶታል» አለ አቶ አለኸኝ ቀስ ብሎ።

«ውሻ በላው! መልካም። ውሻውም መጥቶ ይመስክራ!»

ሰው ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የልጅቱ እጮኛ ወገኖች ከሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ይሰማሉ። በሌብነት ከሚጠረጠር ቤት ሚስት የሚወስድ የለም፤ ይህን እኔ የከተማውም ልጅ አውቃለሁ። እትዬ አንጓች ዓይኗን ከእነሱ ላይ አላነሳችም።

ቄስ ሞገስ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ጥጃውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ቆሞ ነበር?»

ምን ልበል? «ቆሞ ነበር» አልሁ። እውነት ነው። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ውሸታም ሆኜ የተሰማኝ ቀን የለም። አቶ ጥሩነህ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ፤ በቃ፣ ረታሁ ብሎ። የእጮኛው አጎት ከመቀመጫው ተነሳ።

ያኔ እትዬ አንጓች ወደ እኔ ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ሲጮህ ሰምተኸዋል? ሲራመድ አይተኸዋል? እንዴት አድርጌ ወደ ቤት እንዳስገባሁትስ አላየህም?»

አላየሁም ልል አፌን ስከፍት፣ ያ የተወዛወዘ የመጨረሻ ፎቶ ትዝ አለኝ። ቀሚስ፣ ክንድ፣ የሆነ ጥቁር ነገር። ከቦርሳዬ ፊልሙን አውጥቼ ለፀሐይ ያዝሁት። እዚያ አለ፤ ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ። ወደ ቄሱ ሮጥሁ።

አቶ ጥሩነህ ከእጄ ቀምቶ አየው። ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ አያውቅም። «ይህ ምንድር ነው? ፊቷ የከሰለ፣ ፀጉሯ የሸበተ! ሰይጣን አምጥቶ ይመስክርልሽ ነው የሚለው?» ብሎ ሊወረውረው ሲል ቄስ ሞገስ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ይህን ሰው አድርገህ ማምጣት ትችላለህ?»

«እችላለሁ። ማተሚያ ያስፈልገኛል።»

«ሂድ። እስክትመለስ ከዚህ የሚነሳ ሰው የለም» አሉ፤ ይህን ሲሉ የሚያዩት የእጮኛውን አጎት ነበር። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ።

ቢቸና ያለው ማተሚያ ደግሞ የጋሽ ውብሸት ብቻ ነው። በሩን ሳንኳኳ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የሞጣው! ሥራዬን ወስደህ ስታበቃ ማተሚያዬን ልትዋስ?» በሩን ሊዘጋብኝ ሲል በሩጫ አስረዳሁት። ጥጃው ጭድ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ የሰቀለው ፎቶ ላይ ያለው ጥጃ የሞተ ነው፤ ማረጋገጫው እጄ ላይ ነው። ጋሽ ውብሸት ቆም አለ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ቆይ፤ ኃላፊው ኤግዚቢሽን ብሎ አገር ጠርቶ ያሳየው ጥጃ የሞተ ነው?»

«የሞተ ነው።»

«ግባ! ግባ የእኔ ጌታ! እኔው ራሴ ነኝ የማትመው!» አለ። ለእኔ ወይም ለእትዬ አንጓች አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ለኃላፊው ፊት መጥቆር ነው። እንዲያውም ፎቶውን በትልቁ አተመው፤ አጅቦኝም መጣ።

ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ስትል ዛፉ ሥር ደረስን። ወረቀቱ ገና አልደረቀም ነበር። ቄስ ሞገስ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ሰው ሁሉ ከትከሻቸው በላይ አንገቱን ሰገገ። እትዬ አንጓች በፎቶው ላይ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። በአንድ እጇ የወተት ቅል፣ በሌላው ብብቷ ሥር ጥጃው፤ እንደ ቀላል ጥቅል። አራቱም እግሮቹ ወደ ጎን ደርቀው ቀጥ ብለዋል። ከአንደኛው ሰኮና እንጨት ወጥቷል። ከሆዱ ስፌት ጭድ ይንጠባጠባል። የተወዛወዘ ቢሆንም ጭዱ ጭድ ነው።

አንዲት አሮጊት እልል አለች። የእጮኛው አጎት ሄዶ የአቶ አለኸኝን ጉልበት ነካ። ከአቶ ጥሩነህ ግን ይቅርታ የጠበቀ ሰው ካለ እሱን አላወቀውም።

«እሺ፤ ሞቷል» አለ። «ማን ገደለው ታዲያ?»

«ጥሩነህ! ይበቃል» አሉ ቄሱ።

«በቃ፤ ጠዋት ላሜን እወስዳለሁ።» ይህን ማድረግ ይችላል፤ ላሚቱ የእሱ ናት። እኔ ብናገር ኖሮ ቢያንስ አንድ ስድብ እሰድበው ነበር፤ አልተናገርሁም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

እትዬ አንጓች ብቻዋን ቆማ ነበር። ምስጋና ልቀበል ጠጋ አልሁ። አዎ፣ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«አንተው ሌባ አደረግኸኝ፣ አንተው አጠራኸኝ» አለችኝ። «ላሜ ግን ሄደች። ምን ብዬ ላመስግንህ? ሁለተኛ ከአጥሬ ጀርባ እንዳላይህ።»

የቀረውን የሰማሁት ከጋሽ ውብሸት ነው። በጠላትነት የጀመርን ሰዎች በዚያ ቀን ወዳጅ ሆነን፣ እስኪሞት ድረስ ባገኘኝ ቁጥር ይህንኑ ይደግምልኝ ነበር። አቶ ጥሩነህ ቡሬን ቢቸና ግቢው ውስጥ አሰራት። ላሚቱ ወተቷን ያዘች። ሚስቱ ሞከረች፤ ረገጠቻት። ሠራተኛው ሞከረ፤ ቅሉን ሰበረችው። ጥጃ የለ፣ የጥጃ ቆዳ የለ፣ አንጓች የለች። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሰው ላከባት፤ «ከሌላ ጥጃ ቆዳም ቢሆን እንደዚያው አድርገሽ ስፊልኝና መጥተሽ አልቢያት፤ ወተቱን እንካፈላለን» ብሎ።

እትዬ አንጓች ቤት ገባች። ሽማግሌዎቹ የሰጧትን፣ አዳራሹ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ያንን ቆንጆ ፎቶ ይዛ ወጣች። ለተላከው ሰው ሰጠችውና እንዲህ አለችው አሉ፦

«ይህን ከፊቷ አቁምላት በለው። እሱ አይቶ ካመነ፣ እሷም ታምነው ይሆናል።»

ጋሽ ውብሸት እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔ ግን ሙሉ ሳቅ ስቄ አላውቅም፤ ላሚቱም፣ አንጓችም ከዚያ በኋላ አልተገናኙማ። ልጅቱ ግን ተዳረች። አንጓችም ዕድሜ ጠግባ ማረፏን ሰምቻለሁ። ከአጥሯ ጀርባ እንዳላይህ ያለችኝን አክብሬያለሁ፤ እሷ ግን ይኸው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ማንም ሳያስፈቅዳት ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ጥብስ በሚበላ ሰው ፊት ታልባለች።

«አባባ፣ ጥብሱ ቀዘቀዘ እኮ» አለችኝ አስተናጋጇ።

«ያ ጥጃ የሞተ ነው» አልኋት። «ቆዳ ነው፤ ውስጡ ጭድ ነው።»

ሄዳ ከሥሩ ቆማ፣ ጣቷን ወደ እግሮቹ ዘርግታ ተመለከተችው። ከዚያ በአዘኔታ አየችኝ፤ እርጅና ነው ብላ።

«ቆሞ የለ እንዴ፣ አባባ?»

«ቆሟል» አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ? ወንበሬን አዙሬ፣ ለጥጃው ጀርባዬን ሰጥቼ የቀዘቀዘውን ጥብስ በላሁ። ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ከ«የእናት ፍቅር» ሥር ቆመው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተው በስልካቸው ይነሳሉ፤ «እንዴት ያምራል!» ይባባላሉ። ቡሬ እንኳ ያንን ጭድ የላሰችው ጨው ስለተቀባ ነበር።